አራስ ልጅ ተኝቶ ትንፋሹ ሲቆም
አራስ ቤት ላላችሁ፦ ሕፃን ተኝቶ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሹን ገታ አድርጎ መልሶ ቢተነፍስ አትደንግጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው። 20 ሰከንድ ከደረሰ ግን፣ ወይም ከዚያ ባነሰም ሰውነቱ ከዛለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አደጋ ነው። (በጠይም ልጅ ቆዳው ላይ ስለማይለይ ምላሱንና ድዱን እዩ።)

ጀርባውን አሸት አሸት፣ ውስጥ እግሩን መታ መታ አድርጉት። እባካችሁ አትነቅንቁት፤ አንጎሉን ይጎዳል። ካልተነፈሰ አንዳችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ሌላችሁ ደረቱን በ2 እጃችሁ አቅፋችሁ መሃሉን በ2 አውራ ጣታችሁ 30 ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ከዚያ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፋችሁ ሸፍናችሁ 2 ጊዜ በቀስታ እፍ በሉ፤ እርዳታ እስኪደርስ ደጋግሙት። ትንፋሹ ቢመለስም ወዲያው ሐኪም ይየው፣ በተለይ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ።