በቀለኛ ድመት የምትታይበት አጭር አስፈሪ ፊልም እንዴት ይሠራል?

በአንድ ስልክ፣ በአንዲት ክፍልና በአንዲት የቤት ድመት እንቅልፍ የሚነሳ የአሥር ደቂቃ ፊልም መሥራት ይቻላል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሥራውን ከጥፍሯ ስለሚጀምሩ ነው። ጥፍር፣ ደም፣ ድንገት የሚጮኽ ነገር ይደረድራሉ፤ ተመልካቹ አንዴ ክው ይልና ወዲያው ይረሳዋል። ይህን የፊልም ዓይነት ከልቤ ስለምወደው እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል። ድመት ለበቀል በምትመጣበት ፊልም ውስጥ የሚያስፈራው አስቀድሞ የተፈጸመው በደል ነው። ሰው ሁሉ ዝም ያለበትን ነገር ያየች፣ መናገር የማትችል፣ መርሳትም የማትፈልግ ምስክር ቤት ውስጥ ስትመላለስ ጥፋተኛው እንዴት ይተኛል? ከዚህ ቀጥሎ ያለው አሠራር ሁሉ ይህችን ምስክር በተመልካቹ ፊት ለማቆም ነው።

1. መጀመሪያ በደሉን ጻፉ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ተረት በወረቀታችሁ አናት ላይ አስፍሩ። ከዚያ ድመቷን ጨርሶ ሳታነሱ ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ። ማን ተበደለ? ማን በደለ? የተበደለው ለምን ዳኛ አጣ? ዋናው ሦስተኛው ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት በሚደርሱበት ቤት ድመት ሥራ የላትም።

የዚህ ታሪክ ዓይነት እናት አገር ጃፓን ናት። እዚያ ድመት ስታረጅ ወደ መንፈስነት ትለወጣለች የሚል የቆየ እምነት አለ፤ እንዲህ ያለችውን ድመት ባኬኔኮ ይሏታል። ከሁሉ የታወቀው ታሪክ የመጣው በኪዩሹ ደሴት ከሚገኘው ከሳጋ ግዛት ነው። ግዛቱ ቀድሞ የሪዩዞጂ ቤተሰብ ነበር፤ በኋላ ግን የእነርሱ ሎሌዎች የነበሩት ናቤሺማዎች ገዢ ሆኑበት። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ማታሺቺሮ የተባለ የሪዩዞጂ ወገን ከናቤሺማው ጌታ ጋር ጎ የተሰኘውን የጠጠር ጨዋታ ሲጫወት ጌታውን አስቆጣና ተገደለ። እናቱ አቤት የምትልበት አደባባይ አልነበራትም። ኀዘኗን ለድመቷ አጫውታ ራሷን አጠፋች። ድመቷ የፈሰሰውን ደም ላሰች፤ ከዚያ በኋላ ጌታው በገዛ ግንቡ ውስጥ ሌሊት ሌሊት መከራውን ያይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1853 ታሪኩ በኤዶ ከተማ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ካቡኪ የተባለው የጃፓን ባህላዊ ተውኔት ሆኖ ሲዘጋጅ የናቤሺማ ግዛት ቅሬታ አቀረበና ተቋረጠ። ከብዙ ትውልድ በኋላም አንዲት የተረት ድመት ገዢዎችን ታስጨንቅ ነበር ማለት ነው። የድርሰታችሁን ጥንካሬ በዚህ ለኩት፤ በዳዩ ሰው ይህ ታሪክ ሲነገር ቢሰማ ይደነግጣል?

የበደሉን ትዕይንት ያለ ንግግር ቅረጹት። ካኔቶ ሺንዶ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «ኩሮኔኮ» (ጥቁር ድመት ማለት ነው) መክፈቻ ላይ የተራቡ ወታደሮች ከጫካ ወጥተው ውኃ ይጠጣሉ፤ አማትና ምራት ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ጎጆ ይገባሉ። ምግባቸውን ይበላሉ፣ ሴቶቹን ይደፍራሉ፣ ይገድላሉ፣ ከዚያ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ጎጆው ይነድዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ይህ ነው የሚባል ቃል አይነገርም። ዐመዱ ላይ ጥቁር ድመት መጥታ ሬሳዎቹን ስትልስ ተመልካቹ ከማንም ማብራሪያ አይፈልግም። ይህን ፊልም ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የሚያስፈራኝ የወታደሮቹ ዝግታ ነው፤ ምንም እንዳላደረጉ ሰዎች አካሄዳቸው የተረጋጋ ነው። እናንተም በዳዩን አታስጩኹት። ከጥፋቱ በኋላ እጁን ይታጠብ፣ ሻይ ያፍላ።

2. ድመቷንና የተበደለውን ሰው አስተሳስሩ

ሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ይበቃሉ። ለምሳሌ ሴትየዋ ከራሷ ሳህን ቆርሳ ለድመቷ ስታቀርብ፣ ድመቷ ደግሞ በሴትየዋ ነጠላ ላይ ተጠቅልላ ስትተኛ። እነዚህን ዕቃዎች አስታውሷቸው፤ ሳህኑና ነጠላው በኋላ ይመለሳሉ። ሴትየዋ ከሞተች በኋላ በዳዩ ነጠላውን ወደ ውጭ ይጥለዋል፤ በማግስቱ ነጠላው አልጋው ላይ ነው፣ ድመቷም በላዩ ተኝታለች። ይህን ለመቅረጽ ምንም ዓይነት የኮምፒውተር ቅንብር አያስፈልግም።

3. ድመቷ ምን እንደምታደርግ ወስኑ

ሦስት መንገዶች አሉ፤ አንዱን ብቻ ምረጡ።

የመጀመሪያው ድመቷ ምንም የማታደርግበት ነው። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ጥቁሩ ድመት» በተሰኘው አጭር ልብ ወለድ ገዳዩ የሚስቱን ሬሳ ከግድግዳ ውስጥ ያስገባና ይለስንበታል፤ ድመቱንም ሳያውቅ አብሮ ይቀብረዋል። ፖሊሶች መጥተው ምንም ሳያገኙ ሊሄዱ ሲሉ እርሱ በእብሪት ግድግዳውን ይመታል፤ ከውስጥ ጩኸት ይመልስለታል። ድመቱ አልነከሰም፣ አልቧጨረም፤ ጮኸ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ጊሊንግ ያዘጋጀው «የድመቷ ጥላ» የተባለው የእንግሊዝ ፊልምም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ አሮጊቷ ስትገደል ድመቷ አይታለች፤ ገዳዮቹ ምስክሯን ለማጥፋት ሲያሳድዷት ራሳቸው ይጠፋሉ።

ሁለተኛው ድመቷ የሰው መልክ ይዛ የምትመጣበት የጃፓኖች መንገድ ነው። ሦስተኛው ድመቷ ጨርሶ የማትታይበት፣ ጥላዋና ድምፅዋ ብቻ የሚሠሩበት ነው። ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ብቻ አልልም፤ ተመልካቹ ድመቷ በእርግጥ እየተበቀለች ይሁን ወይስ በዳዩን ኅሊናው እያሳበደው ይሁን እስከ መጨረሻው ሳያውቅ መቆየቱ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

4. ብርሃኑን አዘጋጁ

በድመት ዓይን ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ብርሃንን እንደ መስታወት መልሶ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን አለ። ስለዚህ በጨለማ የሚያበራው ዓይን ከራሱ ብርሃን አያወጣም፤ የመጣለትን ብርሃን ወደመጣበት ይመልሳል። ይህን ያወቀ ሰው ሥራው ቀለለለት። ክፍሉን አጨልሙ፤ ደካማ የእጅ ባትሪ ወስዳችሁ ከስልኩ ሌንስ አጠገብ፣ ተጣብቆ ማለት ይቻላል፣ እሰሩት። ብርሃኑን ለማለስለስ በስስ ነጭ ወረቀት ሸፍኑት። ድመቷ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ርቃ ወደ እናንተ ዞር ስትል ሁለት ነጥቦች ጨለማው ውስጥ ይበራሉ። ባትሪውን ወደ ጎን ካራቃችሁት ብርሃኑ ወደ ሌንሱ አይመለስምና ዓይኑ አይበራም። ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ቅረጹና አጥፉት፤ የድመት ዓይን ለደካማ ብርሃን የተሠራ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ማብራት ያስቸግራታል።

በቅርብ ርቀት ፊቷን ስትቀርጹ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። በጨለማ የድመት ብሌን ክብ ሆኖ ይሰፋል፤ ፊቷም የሕፃን ፊት ይመስላል። በደማቅ ብርሃን ግን ብሌኑ እንደ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ይጠባል። ፈራጅ የምትመስለው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ከመስኮት አጠገብ አስቀምጧትና ፊቷን ቅረጹ፤ በቅንብር ጊዜ ምስሉን አጨልማችሁ ከሌሊቱ ትዕይንት ጋር ልታገናኙት ትችላላችሁ።

ካሜራውን ከወለሉ ወደ ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጉ። ከላይ ወደታች የተቀረጸች ድመት የቤት እንስሳ ናት። ከራሷ ቁመት ስትታይ ግን ክፍሉ የእርሷ ይሆናል፤ ሰውየው ደግሞ እግር ብቻ።

5. ከድመቷ ጋር ሥሩ እንጂ አታሠሯት

በዚህ ክፍል ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። ለፊልም ሲባል ድመትን ማስደንገጥ፣ ማሰር፣ ውኃ መርጨት ወይም መጣል ክልክል ይሁን። ስለ ተበደለ ፍጡር ፊልም እየሠሩ ፍጡር መበደል ሥራውን ከሥሩ ያበላሸዋል።

ከቀረጻው በፊት ክፍሉን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተዉላትና ታሽትተው፣ ዕቃውን ትለማመደው። በሩን ዝጉ፤ ቀረጻው ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አይኑር። ከምግብ ሰዓቷ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ወደ ሌንሱ እንድታይ ከፈለጋችሁ ቁራሽ ዓሣ ከሌንሱ በላይ ያዙ፤ በዳዩን ትክ ብላ እንድታይ ከፈለጋችሁ ዓሣው ተዋናዩ ኪስ ውስጥ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትቅረጹ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጣጠፈች ወይም ጭራዋን ግራና ቀኝ ከወዘወዘች አቁሙ።

ደም ጸጉሯ ላይ አትቀቡ፤ የተቀባችውን ሁሉ ትልሰዋለች። ደም ስትልስ ማሳየት ካስፈለገ ፊልሙን በጥቁርና ነጭ ሥሩትና ጨውም ሽንኩርትም ያልነካው የተቀቀለ ጉበት ፈጭታችሁ በውኃ አቅጥኑ፤ በጥቁርና ነጭ ምስል ደም ከመምሰሉ የተነሳ ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ መሆናቸውን አትርሱ። በጃፓን ታሪኮች የታወቀው የባኬኔኮ ምልክት የመብራት ዘይት መላስ ነው፤ በዚያ ዘመን የድሆች መብራት በዓሣ ዘይት ይነድድ ስለነበር ድመቶች በእርግጥም ይልሱት ነበር። ይህን ውብ ምስል በኩራዝ መሥራት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ኩራዙ ጋዝ ገብቶበት የማያውቅ አዲስ መሆን አለበት፤ ከውጭ በኩል የዓሣ ውኃ ይቀባ፣ መብራቱም ከሌላ ቦታ ይምጣ።

6. ሰው ድመት የሚሆንበት ትዕይንት

ሁለተኛውን መንገድ ከመረጣችሁ ሥራው የተዋናይቷ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሱሚኮ ሱዙኪ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ታካኮ ኢሪዬ በድመት መንፈስነት ሚና ስም ያተረፉ ተዋናዮች ነበሩ። በእነዚህ ፊልሞች ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ትዕይንት አለ፦ መንፈሷ ከሩቅ ሆና እጇን እንደ መዳፍ ታወዛውዛለች፤ ተጎጂው ደግሞ በማይታይ ክር እንደተያዘ አይጥ ይገለባበጣል፣ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይሳባል። ድመት ያደነችውን ከመግደሏ በፊት እንደምትጫወትበት የምናውቅ ሁሉ ሳንነገር እንረዳዋለን።

የጥፍርና የጆሮ ጌጥ አትግዙ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንዲሉ፣ ተዋናይቷ ጨዋ እመቤት ሆና ትቀመጥ፤ አመሉ ግን ያምልጣት። ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ አንገቷ ይዙር፣ ዓይኗ ይከተል፣ አካሏ አይንቀሳቀስ። ዓይኗን አታርገብግብ። እንግዳው ሲያወራ እርሷ ከትከሻው በላይ በጣሪያው ሥር የሚሄደውን ነገር ትከተል። አንዱን አመል ሦስት ጊዜ አሳዩ፤ አራተኛ ጊዜ ከሆነ ያስቃል።

7. ድምፅ

ድመት ስትራመድ አትሰማም። እንግዲያስ የነካችውን አሰሙ፦ በወለሉ ላይ የተንሸራተተ ሳህን፣ የተቧጠጠ በር፣ በነፋስ አልባ ሌሊት የተወዛወዘ መጋረጃ። እውነተኛ የድመት ጩኸት ቀድታችሁ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት የሰው ለቅሶ ይመስላል፤ ግን ለመጨረሻው ትዕይንት አስቀምጡት።

በጭራሽ የማትታይ ድመት ምን ልታደርግ እንደምትችል ለመማር እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን የዣክ ቱርነርን «የድመት ሰዎች» እዩ። አንዲት ሴት በሌሊት በመናፈሻ አጥር ጥግ ስትሄድ የተከተላት የእግር ኮቴ ድንገት ይቆማል። ጸጥታ። ከዚያ እንደ አውሬ ፉጨት ያለ ነገር ይሰማል፤ አውቶቡስ መጥቶ መቆሙ ነው። በዚያው ፊልም በመዋኛ ገንዳው ትዕይንት ግድግዳው ላይ የሚሄደውን ጥላ ዳይሬክተሩ የሠራው በራሱ ቡጢ ነው። አውሬው የተመልካቹ ጆሮ ውስጥ ካደረ ቡጢም ይበቃል።

8. መጨረሻው

በቀሉ ማን ላይ እንደሚያርፍ ወስኑ። በ«ኩሮኔኮ» ሟቾቹ ሳሙራይን (የጃፓን ጦረኛን) ሁሉ ለመግደል ምለዋል፤ አንድ ቀን ከጦርነት ሳሙራይ ሆኖ የተመለሰው ግን የአማቲቱ ልጅ፣ የምራቲቱ ባል ነው። ምራቲቱ ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር ለማሳለፍ ስትል መሐላዋን ታፈርሳለች፤ ዋጋውም ሲኦል ነው። ከበቀል ታሪኮች ሁሉ እንዲህ ልቤን የነካ አላየሁም፤ ሺንዶ በዳዮቹን በሙሉ በግማሹ ፊልም ላይ ቢጨርስ ኖሮ ይህን አናይም ነበር። ለእናንተም በዳዩን የሚወድድ፣ ምንም የማያውቅ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ አስገቡ፤ ልጁ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን ምስል በቀን ብርሃን ቅረጹት። በዳዩ የለም። ልጁ የሟቿን ሳህን ከጓዳ አግኝቶ ወተት ይሞላበታል፤ ድመቷ መጥታ ትጠጣለች። ካሜራው ከወለሉ አይነሣ፣ ሙዚቃም አይግባ። ልጁ ጀርባዋን ሊደባብሳት እጁን ሲዘረጋ፣ እርሷም ቀና ስትል፣ ምስሉን ቁረጡት።