በሁዳዴ «ሰው የለኝም» ላለው ሰው መድረስ

የሁዳዴ አራተኛው እሁድ መጻጉዕ ይባላል። 38 ዓመት ታሞ የተኛው ሰውዬ የሚታሰብበት ሳምንት ነው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው ስለ ሕመሙ አላወራም። ያለው «ሰው የለኝም» ነው። ከ55ቱ ቀን ሁሉ እኔን አንጀቴን የምትበላኝ ይቺ ቃል ናት። እና ዘንድሮ ምጽዋቱን ለማን፣ እንዴት ላድርግ ለምትሉ፣ ሰው የሌለውን ፈልጉ ነው የምላችሁ።

እኛ ሀዋሳ ላለነው ቅርብ ነው። ሪፈራል ሆስፒታል ሂዱ። ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ በኩል በሽተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች ታገኛላችሁ። በሽተኛው አልጋ ቢያገኝም አስታማሚው ደጅ ያድራል፣ ከተማውን አያውቀውም፣ ከቤት የያዛት ብር ደግሞ መድኃኒት ላይ ታልቃለች።

ምግቡ ቀላል ነው። ለቤት ከምትሠሩት ላይ ጨምሩ። ሽሮ ፌስታል ውስጥ ይፈሳል፣ ወፈር ያለ ምስር ወይም ጎመን ይሻላል። ለየሰዉ ለየብቻ ጠቅልሉት፣ ተሻምቶ መብላት ያሳፍራል። የጾም ምግብ ደግሞ አንድ በረከት አለው፦ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ስለሚበላው የማንንም ሃይማኖት መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ረመዳን ከገጠመ ለማፍጠሪያው ያስቀምጠዋል። ለበሽተኛው ግን ነርሷን ሳትጠይቁ ምንም አትስጡ።

ከመስጠታችሁ በፊት ተቀመጡ። ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አምና አንዲት እናት ጋ ሄጄ ሰላም እንኳ ሳልላቸው ፌስታሉን ዘረጋሁላቸው። ዝም ብለው አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ተመልሼ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ማንን ይዘው መጡ፣ እማማ?» ስላቸው ነው ያለቀሱት። ልጃቸውን ነበር። ከዚያ አብረን በላን። ፎቶ ማንሳት የሚባለውንማ ጨርሶ አታስቡት።

ብር ካላችሁ የመድኃኒት ማዘዣውን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ግዙላቸው። ብር ከሌላችሁም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሲዳሙ አፎ ወይም ኦሮምኛ የምትችሉ፣ አማርኛ የማይሰማ ገበሬ ካርድ ክፍል ወረቀት ይዞ ግራ ሲገባው አብራችሁት ቁሙ፣ አንብቡለት፣ ሐኪሙ ያለውን አስረዱት። ለኔ ይሄ ከአንድ ድስት ወጥ ይበልጣል። ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ የምትለበስ ጋቢም ታስፈልጋለች።

ደግሞ ቤታችሁን አትርሱ። ሠራተኛችሁም ትጾማለች። እናንተ ቅዳሴ ስትሄዱ እሷ ምድጃ ሥር ከዋለች፣ ለውጭ ሰው የያዛችሁት አገልግል ከእሷ ጉልበት የተቀነሰ ነው። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እሷ ታስቀድስ፣ እናንተ ወጡን ሥሩ። ታሞ ወይም መድኃኒት ጀምሮ መጾም ያልቻለውንም ለምን በላህ አትበሉት።

አንድ ቀን ሄዳችሁ አትጥፉ። ቅዳሜ ያገኛችሁት ሰው ጋ እሮብም ብቅ በሉ፣ ስሙን ያዙ። በተለይ የሚወጡበትን ቀን ጠይቁ። ያኔ ነው ኪሱ ባዶ የሚሆነው። ባጃጅ ይዛችሁላቸው እስከ መናኸሪያ ሸኟቸው፣ የመኪናውንም ክፈሉላቸው።