«እኔ ጋ እኮ ይሠራል»፦ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ችግርና መፍትሄ

ስልክ ይደወላል። «ፕሮግራሙ እንቢ አለ» ይላል ደንበኛው። ምን ብሎ ጻፈ? «እኔ እንጃ፣ ብቻ ጠፋ።» እኛ ቢሯችን ቁጭ ብለን ያንኑ ቁልፍ እንጫናለን። ይሠራል። «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» እንላለን።

በሲ ሻርፕ ቋንቋና በዊንዶውስ ፎርምስ (መስኮትና ቁልፍ መሥሪያው) ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤትና ለትምህርት ቤት ፕሮግራም ስሠራ ቆይቻለሁ። አብዛኛው ችግር የሚወለደው በእኛ ማሽንና በተጠቃሚው ማሽን መካከል ባለው ልዩነት ነው። የእኛ ላይ ኮድ የምንጽፍበት ቪዡዋል ስቱዲዮ አለ። የማያስፈልገው ሁሉ ሳይቀር ተጭኗል። እኛ አድሚን ነን። ዳታቤዛችን ውስጥ ያለው ሃያ መስመር የሙከራ ዳታ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ደንበኛው ጋ ከዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ስታነቡ «ይሄ ለምን እኔ ጋ አልታየም?» የሚለውን ጥያቄ አብራችሁ ያዙ።

«ከፈትኩት፣ ምንም ሳይል ጠፋ»

አይከኑን ሁለቴ ይነካል፣ ለአፍታ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ጸጥ።

ኮዱን ለመክፈት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ደንበኛው ማሽን ላይ ኢቨንት ቪዌርን (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያውን) ክፈቱ። «ዊንዶውስ ሎግስ» ከሚለው ስር «አፕሊኬሽን» ውስጥ ግቡ። ምንጩ «ዶት ኔት ራንታይም»፣ ቁጥሩ 1026 የሆነ ቀይ ምልክት ፈልጉ። የትኛው ኤክሴፕሽን (ስህተት)፣ በየትኛው ሜተድ (የኮድ ክፍል) ውስጥ እንደተነሳ እዚያ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቁጥር 1000 አለ፤ እሱ ደግሞ የትኛው ዲኤልኤል ላይ እንደወደቀ ይናገራል። ደንበኛው ሩቅ ከሆነ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። የአንድ ሰዓት ግምት ያተርፍላችኋል።

እዚያ በብዛት የማገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዶት ኔት፣ ማለትም ፕሮግራማችን ለመሥራት የሚመካበት የማይክሮሶፍት መሠረት ጉዳይ ነው። ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 እ.ኤ.አ. ከ2019 ማሻሻያ ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል። ዶት ኔት 8 ግን አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው መጫን አለበት። አንዳንዴ ደንበኛው «ጫንኩት» ይላል፣ አሁንም ጫን የሚል መልእክት ይመጣበታል። የጫነው ተራውን ራንታይም (ማስኬጃ) ነው፤ መስኮት ላለው ፕሮግራም የሚያስፈልገው «ዴስክቶፕ ራንታይም» የሚባለው ነው። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ እኔ ፐብሊሽ ሳደርግ ራንታይሙን ከፕሮግራሙ ጋር ጠቅልዬ ነው የምሰጠው። ፋይሉ ይተልቃል፣ ግን በፍላሽ ይሄዳል፣ ሌላ ነገር አውርዱ አይልም።

ሁለተኛው የ32 ቢት እና የ64 ቢት ግጭት ነው። አክሰስ ወይም ኤክሴል ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም «ፕሮቫይደሩ እዚህ ማሽን ላይ አልተመዘገበም» ካለ፣ ፕሮቫይደሩ (ፋይሉን የሚያነበው አጋዥ) ኖሮም ሊሆን ይችላል። ፕሮግራማችሁ 64 ቢት፣ እዚያ ያለው ኦፊስ ደግሞ 32 ቢት ከሆነ አይተያዩም። ቪዡዋል ስቱዲዮ ላይ የፕሮጀክቱን ፕላትፎርም «ኤክስ 86» አድርጋችሁ እንደገና ቢልድ አድርጉና ሞክሩ። ኦፊሱ 64 ቢት ከሆነ ተቃራኒውን።

«ስታክ አድርጓል»

ሪፖርት ሲጫን መስኮቱ ይነጣል፣ ርዕሱ ላይ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ዊንዶውስ ይህን የሚለው መስኮቱ ለ5 ሰከንድ ያህል የተላኩለትን መልእክቶች ሳያነሳ ሲቀር ነው።

መስኮቱን የሚስለውም፣ አይጡን የሚሰማውም፣ ቁልፉን የሚቀበለውም አንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ነው። አንድ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ያለበት ሱቅ አስቡ። እሱን መጋዘን ልካችሁ ዕቃ አስቆጠራችሁት። ሰልፈኛው ቆሞ ይጠብቃል። የክሊክ ሜተዳችሁ ውስጥ ዳታቤዝ ስትጠሩ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። እኛ ጋ ያልታየው ሃያ መስመር በቅጽበት ስለሚነበብ ነው፤ ደንበኛው ግን የሦስት ዓመት ሽያጭ አለው።

መፍትሄው፦ የክሊክ ሜተዱን «አሲንክ» (መስኮቱን ሳያስቆም የሚጠብቅ) አድርጉት። ዳታቤዙን በአሲንክ ሜተዱ ጥሩትና ፊቱ ላይ «አዌይት» ጻፉ። ከባድ ስሌት ከሆነ በ«ታስክ ዶት ራን» ወደ ሌላ ትሬድ ላኩት። ከአዌይቱ በፊት ቁልፉን ዲሴብል አድርጉ፣ ሲጨርስ መልሱት።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አሲንክ ሜተድ ጠርታችሁ ውጤቱን በ«ዶት ሪዘልት» ለመውሰድ ከሞከራችሁ ፕሮግራሙ ለዘላለም ሊደርቅ ይችላል። ዋናው ትሬድ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሥራው ደግሞ ለመጨረስ ዋናውን ትሬድ ይጠብቃል። ተፋጠጡ ማለት ነው። ሌላው «አፕሊኬሽን ዶት ዱኢቨንትስ» የሚባለው አቋራጭ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ይሄን ተጠቅሜ ነበር። መስኮቱ አልደረቀም፣ እውነት ነው። ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኙ ሲዘገይባት «አትም» የሚለውን ሦስቴ ነካችው፣ ሽያጩም ሦስቴ ተመዘገበ። ማታ ሒሳቡ ሲዘጋ የጎደለው ገንዘብ የተጠየቀው ከእሷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሜተድ ከማንኛውም ኮድ ውስጥ አወጣዋለሁ።

አሁን ሥራው ሌላ ትሬድ ላይ ነው፤ ሌላ ስህተት ይመጣል። ከዚያ ትሬድ ሆናችሁ ሌብል ወይም ግሪድ ከነካችሁ «ኮንትሮሉን ከተፈጠረበት ትሬድ ውጭ ነካኸው» ይላችኋል። ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ በ«ኢንቮክ»፣ ደብሊውፒኤፍ ላይ በ«ዲስፓቸር» በኩል ወደ ዋናው ትሬድ መመለስ ነው። ልብ በሉ፦ ዊንዶውስ ፎርምስ ይህን ቁጥጥር በነባሪ የሚያደርገው ዲበገር (የቪዡዋል ስቱዲዮ ስህተት መፈለጊያ) ሲኖር ብቻ ነው። እኛ ጋ ይጮሃል፣ ደንበኛው ጋ ዝም ይላል፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ግሪዱ ይበላሻል ወይም ፕሮግራሙ ይወድቃል። ዲበገሩ አንዴም ከጮኸ በ«ትራይ ካች» አትሸፍኑት።

«ጠዋት ያስገባሁት ማታ የለም»

አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ተጠቃሚ። የጠዋቷ ያስገባችው ለማታው አይታይም። የእሱም ለእሷ አይታይም። ሁለቱም ራሳቸው ያስገቡትን ያያሉ።

ዳታውን ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ እየጻፋችሁ ነው። ተራ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ አይፈቀድለትም። ማኒፌስት (የሚፈልገውን ፈቃድ የሚገልጽ ማስታወሻ) ለሌለው የ32 ቢት ፕሮግራም ግን ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ አይከለክልም። ጽሑፉን በጸጥታ ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር፣ «ቨርቹዋል ስቶር» ወደሚባለው ያዞረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ቅጂ ይዟል። ሌሎች ፕሮግራሞች ላይ በቀጥታ «አክሰስ ዲናይድ» ነው የሚለው።

ብዙ ሰው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» አድርጉ ብሎ ይሄዳል። አልስማማም። የሱቁን ኮምፒውተር በሙሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የግል ሴቲንግ «ሎካል አፕ ዳታ» ውስጥ፣ የጋራ ዳታ «ፕሮግራም ዳታ» ውስጥ ይሁን። ለጋራው ግን ኢንስቶለራችሁ ለፎልደሩ የመጻፍ ፈቃድ ለሁሉም ተጠቃሚ ይስጥ። አለበለዚያ አንዱ የፈጠረውን ፋይል ሌላው መቀየር አይችልም፣ ያው ጣጣ ይመለሳል።

«አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆነ»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። አማርኛ «ተበላሸ» ሲባል በሽታው አንድ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምልክት ራሱ መንስኤውን ይናገራል።

ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ዳታው ደህና ነው። የጎደለው ፎንት ነው። ኮንትሮሉን ወደ «ኢብሪማ» ወይም «ኒያላ» ቀይሩት። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ፊቸር ሆኗል፣ ሁሉም ማሽን ላይ አይገኝም፤ ኢብሪማ ይሻላል።

የጥያቄ ምልክት ረድፍ ከታየ ግን ዳታው ጠፍቷል። ኤስኪውኤል ሰርቨር (ዳታቤዙ) ላይ ኮለሙ ተራ «ቫርቻር» (ዩቲኤፍ 8 ያልሆነ) ከሆነ የግዕዝ ፊደል ማስቀመጥ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ያስቀምጣል። በኋላ ኮለሙን «ኤንቫርቻር» ብታደርጉት የድሮው አይመለስም። ኮለሙ ትክክል ሆኖም ሊበላሽ ይችላል፦ ኩዌሪው ውስጥ ጽሑፉን በነጠላ ጥቅስ ስትጽፉ ከጥቅሱ በፊት «ኤን» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል ካላስቀደማችሁ መንገድ ላይ ጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከሁሉም የሚሻለው ጽሑፍ እየቀጠሉ ኩዌሪ መሥራትን ትቶ ፓራሜትር (ጽሑፉን ከኩዌሪው ለይቶ ማስተላለፊያ) መጠቀም ነው። አማርኛውም ይድናል፣ ኩዌሪው ውስጥ ክፉ ትእዛዝ የመክተት (የኢንጀክሽን) ጥቃትም ይዘጋል።

ኤክሴል ላይ ሲከፈት ብቻ የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ፣ የሲኤስቪ ፋይላችሁ ዩቲኤፍ 8 ነው፣ ግን ይህን ለኤክሴል የሚነግረው መነሻ ምልክት የለውም። ዶት ኔት ኢንኮዲንግ ካልነገራችሁት ያለ ምልክቱ ነው የሚጽፈው። ስትጽፉ «ኢንኮዲንግ ዶት ዩቲኤፍ 8»ን በግልጽ ስጡት።

አሁን ከባዱ። የተማሪ ስም ትፈልጋላችሁ፣ ሌላ ተማሪ ይወጣል። ወይም አዲስ ስም ስታስገቡ «ይህ ስም አለ» ይላችኋል፣ የለም ግን። መጀመሪያ ሳየው ኮዴን ደጋግሜ ፈተሽኩ። ጥፋቱ ኮሌሽኑ፣ ማለትም ዳታቤዙ ፊደላትን የሚያወዳድርበት ደንብ ላይ ነበር። የኤስኪውኤል ሰርቨር የድሮዎቹ ኮሌሽኖች ለግዕዝ ፊደላት የማወዳደሪያ ክብደት አልሰጧቸውም፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው አይለዩም። ከ2008ቱ እትም ጀምሮ በስማቸው ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ያለባቸው ኮሌሽኖች መጡ፤ ኮለሙን ወደ እነሱ ቀይሩት።

ይሄ ከተስተካከለ በኋላም «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ይሄ የኮምፒውተሩ ስህተት አይደለም፤ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለእኛ ግን አንድ ሰው ነው። ሌላ የመፈለጊያ ኮለም ጨምሩ። ሐን፣ ኀን፣ ሃን፣ ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን፣ ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዝርያቸው ቀይራችሁ እዚያ አስቀምጡ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ወንፊት አሳልፉት። የሰውየውን ስም ግን ራሱ እንደጻፈው ተዉት። ስም ነው።

ቶሎ ቶሎ

አዲስ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ ፕሮግራማችሁ ዲፒአይ (የስክሪኑን የነጥብ ጥግግት) አያውቅም፣ ዊንዶውስ እየለጠጠው ነው። «ሴት ሃይ ዲፒአይ ሞድ»ን ፕሮግራሙ ሲጀምር «ፐር ሞኒተር ቪ 2» አድርጉት።

ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት ቀይ መስቀል የሚስል ወይም የሚወድቅ ከሆነ ታስክ ማናጀር ላይ «ጂዲአይ ኦብጀክትስ» (ፕሮግራሙ የያዛቸው የስዕል ዕቃዎች ብዛት) የሚለውን ኮለም አውጡ። ቁጥሩ እየወጣ ወደ 10,000 ከተጠጋ ጣሪያው እሱ ነው። ብሩሽ፣ ፎንት፣ ምስል ፈጥራችሁ «ዲስፖዝ» አላደረጋችሁም፣ ማለትም አልለቀቃችሁም። «ዩዚንግ» ተጠቀሙ።

«ጥቅምት 30ን አልቀበልም አለ»

አንዳንዱ ፕሮግራም የእኛን ቀን በቀጥታ «ዴትታይም» (የዶት ኔት የቀን መያዣ፣ በፈረንጁ አቆጣጠር) ውስጥ ያስገባል። ዓመቱ 2017፣ ወሩ 2፣ ቀኑ 30። ዴትታይም ግን ወር 2 የሚለው ፌብሩዋሪን ነው፤ 30 የለውም። ጥቅምት 29 ደግሞ 2016 ላይ ያልፋል፣ 2017 ላይ ይወድቃል። ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አትገባም።

የሚወድቀውስ ይታያል። የሚያስፈራው የማይወድቀው ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ያለው 30 ቀን ነው። ዴትታይም ግን ከጃንዩዋሪ ወደ ፌብሩዋሪ ቆጥሮ 31 ይላል። ወለድ ወይም የኪራይ ቅጣት የሚያሰላ ፕሮግራም ላይ ይሄ የሰው ገንዘብ ነው።

ዶት ኔት ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር የሚባል ክላስ የለም። ከልቸሩን (የቋንቋና የአገር ቅንብሩን) አማርኛ ብታደርጉትም የሚሰጣችሁ ጃንዩወሪን በአማርኛ ፊደል ነው፣ መስከረምን አይደለም። ስለዚህ ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የፈረንጁ ቀን ይሁን፤ ስክሪን ላይ ስትቀበሉና ስታሳዩ ብቻ ቀይሩ። ከእኛ ቀን ወደ ፈረንጁ መቀየሪያው አጭር ነው። መስከረም 1፣ 2016 ማለት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው። ከዓመቱ 2016 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ጣሉና 504 ቀንሱ፤ ይህን ደምሩ። ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ደምሩ። ከቀኑ 1 ቀንሳችሁ ደምሩ። የወጣውን ቁጥር ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ላይ በ«አድ ዴይስ» ጨምሩ።

ለደንበኛ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ቀን አስገብታችሁ ፈትሹት። መስከረም 1፣ 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024 መስጠት አለበት። ጳጉሜ 6፣ 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2023።