ጉንፋን የያዘው ልጅ ጉበቱ ሲነካ ምን እንይ?

የልጆች ክፍል ነርስ ነኝ። ወላጆች የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ይመጣሉ። «ጉንፋን ነው የያዘው፤ ጉበት ደግሞ ከየት መጣ?»

ኢንፍሉዌንዛ፣ አዴኖቫይረስ፣ ኢፕስታይን-ባርና መሰል ቫይረሶች ጉበትንም ነካ አድርገው ሊያልፉ ይችላሉ። ያኔ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት፣ ጉበት ሲነካ ወደ ደም የሚወጡት ኢንዛይሞች ከፍ ይላሉ። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይወርዳሉ። ኤኤስቲ ከጡንቻም ይወጣል፤ ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ባቱን የሚያመው ልጅ ቁጥሩ ቢጨምር ጉበቱ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «የደም መርጋት ምርመራውስ?» በሉት። ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። ምርመራው መቼ እንደሚደገምም ጠይቁ።

ቤት ስትገቡ ዓይኑን በቀን ብርሃን እዩ፤ አምፖል ያሳስታል። ወደ ታች እንዲያይ አድርጉና የላይኛውን ቆብ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ወይም ሰገራው ከነጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ዳይፐሩን ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። አትሳቁ፤ ከአስር ደቂቃ ገለጻ አንድ ፎቶ ይሻለናል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እኔን የሚያስፈራኝ ከቫይረሱ ይልቅ እሱ ነው። የፓራሲታሞል ልክ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ጣጣው ሽሮፑ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 180 ሚሊግራም ለመስጠት ከመጀመሪያው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሁለተኛው 3.6 ብቻ። ጠርሙሱ መቀየሩን ሳታዩ 7.5 ከሰጣችሁ እጥፍ ሰጣችሁት ማለት ነው። በማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ለኩ። የጉንፋን ሽሮፕም ውስጡ ፓራሲታሞል ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱን አትደርቡ። ጉበቱ መነካቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትስጡ።

አስፕሪን በራሳችሁ ለልጅ አትስጡ። በተለይ በኢንፍሉዌንዛና በጉድፍ ጊዜ ሬይ ሲንድሮም የሚባለውን፣ ጉበትና አንጎልን አንድ ላይ የሚመታ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ሐኪም አዞለት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ግን አታቋርጡ፤ መታመሙን ለሐኪሙ ቶሎ ንገሩ። በሬይ ጊዜ ዓይን ብዙውን ጊዜ ቢጫ አይሆንም። «ዓይኑ ነጭ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ልጁ ከተሻለው በኋላም ቢሆን ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከቀባጠረ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ያለ ምክንያት ከበለዘ ወይም ድዱ ከደማ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የሰጣችሁትን መድኃኒት ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ኑ፤ «ያቺ ቀይዋ፣ ጣፋጯ» ስትሉን የትኛዋ እንደሆነች አናውቅም።