ስለ ኢራን ሕዝብና መንግሥት ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢራን የዜና ርዕስ በሆነች ቁጥር ስለ ሕዝቧ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ከተናጋሪው የፖለቲካ ወገን የሚቀዳ ነው። ለአማርኛ አንባቢም ወሬው የሚደርሰው በአብዛኛው በሌሎች አፍ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራው ወገናችን ከዓረብ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ በእስራኤል የሚኖረው የአደጋ ደወል ተደውሎ ወደ መጠለያ በሚሮጥበት ሰዓት ይሰማል፣ በአሜሪካ ያለው ደግሞ ከዋሽንግተን ክርክር ይሰማል። እያንዳንዱ ወሬ የራሱ እውነት ቢኖረውም፣ 90 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለበትን አገር በዚህ ብቻ የሚመዝን ሰው ተመሳሳይ ስህተቶችን ሲደጋግም ይገኛል። በጣም የተለመዱትን ከዚህ በታች አነሣለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢራናውያንን ዓረብ አድርጎ መቁጠር

ይህን ማረም ከሁሉም ይቀላል። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ፋርስኛ ነው፤ በዓረብኛ ፊደል ቢጻፍም ከሕንድና ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ እንጂ ሴማዊ አይደለም፣ በዝምድናም ለዓረብኛ የሚቀርበው አማርኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው በስም የሚያውቃቸው ቂሮስና ዳርዮስ የነገሡት በዚህችው አገር ነው። ከፋርሶች ሌላ አዘሪዎች፣ ኩርዶች፣ ሉሮች፣ ባሉቾች፣ ቱርክመኖች፣ እንዲሁም በደቡብ ምዕራቡ በኩዜስታን ክፍለ ሀገር የሚኖሩ ዓረቦች አሉ፤ በ2024 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ማሱድ ፔዜሽኪያን ራሳቸው በኩርዶቹ ከተማ በማሃባድ የተወለዱ፣ አዘሪኛም የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሃይማኖቱም ቢሆን ወጥ አይደለም። ከሱኒ ጋር ከእስልምና ሁለት ዋና ክፍሎች አንዱ የሆነው የሺዓ እምነት የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው በ1501 ሳፋቪዶች የተባሉት ነገሥታት ሥልጣን ሲይዙ ነው፤ ዛሬም ባሉቾችና አብዛኞቹ ኩርዶች ሱኒ ናቸው። በፓርላማው ለአርመኖች፣ ለአሦራውያን፣ ለአይሁድና ለዞራስትሪያን እምነት ተከታዮች በሕግ የተለዩ 5 መቀመጫዎች አሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ኢራን ውስጥ የተነሣው የባሃኢ እምነት ተከታዮች ግን ምንም ዓይነት እውቅና የተነፈጋቸውና ስደት የሚደርስባቸው ናቸው።

ሕዝቡንና መንግሥቱን አንድ አድርጎ ማየት

“ኢራን ዛተች” በሚል ዜና ውስጥ የሚዝተው መንግሥት ነው። ከዓርብ ጸሎት በኋላ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ “ሞት ለአሜሪካ” የሚለው ሰልፍም መንግሥት የሚያደራጀው ነው። ሕዝቡ ከገዢዎቹ ምን ያህል እንደራቀ ለመገመት ባለሥልጣናቱ ራሳቸው የሚያወጡት ቁጥር ይበቃል፤ በማርች 2024 በተደረገው የፓርላማ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 41 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ነበር። አደባባይ የወጣው ተቃውሞም ተደጋጋሚ ነው። በ1999 ተማሪዎች ወጡ፤ በ2009 በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ድምፃችን ተሰረቀ ያሉ በርካታ ሰዎች የቴህራንን ጎዳናዎች ሞሉ፤ በኖቬምበር 2019 የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ድሃ የሚባሉት ከተሞች ተነሡ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ በአለባበሷ ምክንያት የተያዘችው የሳቄዝ ከተማ ተወላጅ፣ የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በፖሊስ እጅ እያለች ከሞተች በኋላ፣ መነሻው ከኩርዶች የሆነው “ሴት፣ ሕይወት፣ ነጻነት” የሚለው መፈክር በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ የጸጥታ ኃይሎችም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደሉ።

“ሕዝቡ በሙሉ ተቃዋሚ ነው” ብሎ መደምደም

ከዚህ በላይ ያለውን ስህተት የተረዳ ሰው ብዙ ጊዜ ወደዚህኛው ይሻገራል። እኔ እንደማስበው ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ትንታኔ ይመስላል፣ ለኢራናውያን የማሰብ መልክም አለው። እውነቱ ግን መንግሥቱ በኃይል ብቻ የቆመ አለመሆኑ ነው። ከ1980 እስከ 1988 ከኢራቅ ጋር በተደረገው ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢራናውያን ሞተዋል፤ የሰማዕታት ቤተሰቦች ድጎማ፣ የሥራ ቅድሚያና ክብር ያገኛሉ፣ የልጆቻቸው ፎቶግራፍም በየመንገዱ ይታያል። ባሲጅ የተባለው የበጎ ፈቃድ ሚሊሺያ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ አባላት አሉት። ንጉሡን ከጣለው ከ1979ኙ አብዮት በኋላ መንገድ፣ መብራትና ጤና ጣቢያ ያገኘው ገጠር ሥርዓቱን የሚያየው በባለጸጎቹ ሰፈር በሰሜን ቴህራን እንደሚኖረው ሰው አይደለም።

ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሳየው የጃንዋሪ 2020 ክስተት ነው። አብዮታዊ ዘብ የተባለው፣ ከመደበኛው ሠራዊት የተለየው ጦር የውጭ ዘመቻ ክፍል አዛዥ ጄኔራል ቃሴም ሱሌይማኒ በባግዳድ በአሜሪካ ድሮን በተገደሉ ጊዜ በአህቫዝ፣ በማሽሃድ፣ በቴህራንና በከርማን እጅግ ብዙ ሕዝብ አስከሬናቸውን ሸኝቷል፤ በከርማን በተፈጠረው መረጋገጥ ከ50 በላይ ለቀስተኞች ሞተዋል። በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን፣ አብዮታዊ ዘቡ ከቴህራን የተነሣን የዩክሬን የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ 176 ሰዎችም አለቁ። ባለሥልጣናቱ ለሦስት ቀናት ከካዱ በኋላ ሲያምኑ፣ በቴህራን የሚገኘው የአሚር ካቢር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሌሎች ብዙዎች ለሟቾቹ ሻማ ሊያበሩ ወጥተው በመሪዎቹ ላይ መፈክር አሰሙ። በውጭ ያሉ ተመልካቾች እያንዳንዳቸው የሚስማማቸውን ሰልፍ መርጠው “እውነተኛው የኢራን ሕዝብ ይህ ነው” አሉ። ሁለቱም ግን እውነተኞች ነበሩ፤ ሱሌይማኒን አገሩን ከአይሲስ እንደጠበቀ ሰው አልቅሶ የሸኘ፣ በአውሮፕላኑ ጉዳይ ደግሞ በቁጣ የወጣ ሰውም በመካከላቸው ነበር። ከሁለቱ ውጭ ደግሞ መንግሥቱን የማይወድ፣ ነገር ግን አገሩ እንደ ሶርያ እንዳትሆን የሚሰጋ፣ አንዳንዴ የተሻለ ለሚመስለው ዕጩ ድምፅ የሚሰጥ፣ አንዳንዴም በቤቱ የሚቀር ብዙ ሕዝብ አለ። ካሜራ የማያገኘው ይህ ክፍል ስለሆነ ከግምት ውስጥ የሚያስገባው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

ሥልጣን የማን እንደሆነ መሳት

ፕሬዚዳንቱን የአገሪቱ የበላይ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ ሁሉንም ነገር አንድ ሰው ይወስናል ማለትም እንዲሁ። ጦሩን፣ ፍርድ ቤቱንና የመንግሥት ቴሌቪዥኑን የሚያዝዘው ጠቅላይ መሪው ነው። መሪውን የሚመርጠው 88 የሃይማኖት ሊቃውንት ያሉበት ጉባኤ ሲሆን፣ ለዚያ ጉባኤ የሚወዳደሩትን የሚያጣራው 12 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጠባቂዎች ምክር ቤት ነው፤ ከ12ቱ ስድስቱን የሚሾመው ደግሞ መሪው ራሱ ነው። እንዲህ ዞሮ በራሱ ላይ የሚዘጋ አሠራር ሕዝብ በድምፁ ሊለውጠው የሚችለውን ነገር እጅግ ያጠብበዋል፤ በ2009 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሙሳቪና ካሩቢ ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት በቁም እስር መቆየታቸውም ወሰኑን ያሳያል።

ቢሆንም ሥልጣኑ የተከፋፈለ ነው፤ አብዮታዊ ዘቡ የራሱ ጦር፣ የራሱ የግንባታና የንግድ ኩባንያዎች አሉት፣ ቀሳውስቱም አንድ ልብ አይደሉም። አያቶላ ሁሴን አሊ ሞንታዜሪ የአብዮቱ መሪና የመጀመሪያው ጠቅላይ መሪ የኾሜይኒ ተተኪ ተደርገው የተሰየሙ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ በ1988 በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች ሲረሸኑ ተቃውመው በመጻፋቸው በ1989 ከተተኪነት ተወገዱ፣ በኋላም ቁም በተባለችው ከተማ ካለው ቤታቸው እንዳይወጡ ለዓመታት ታገዱ። ስለዚህ ጥምጣም የጠመጠመን ሁሉ የመንግሥት ሰው አድርጎ መቁጠር እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች መበደል ነው።

ታሪኩን ከ1979 መጀመር

አብዮቱን ያፈነዱት ቀሳውስት ብቻ አልነበሩም፤ የነዳጅ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ኮሙኒስቶች፣ ለዘብተኞችና የባዛር ነጋዴዎች አብረው ነበሩ። ቁጣቸው ወደኋላ ይሄዳል፤ ነዳጁን በ1951 የሀገር ንብረት ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴግ በ1953 በአሜሪካና በብሪታንያ የስለላ ድርጅቶች በተቀነባበረ መፈንቅለ መንግሥት ወርደዋል። የድሮዋን ቴህራን አጭር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ፎቶግራፍ አሳይቶ “ምን ያህል ነጻ ነበሩ” የሚል ሰው፣ በአብዮቱ የወደቁትን የንጉሡን፣ የሻሁን የስለላ ድርጅት ሳቫክንና በ1975 አገሪቱ በአንድ ፓርቲ ብቻ እንድትመራ መደረጉን አያነሣም። ኢትዮጵያዊ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በኦክቶበር 1971 ሻሁ በጥንታዊቷ የፋርስ ከተማ በፐርሴፖሊስ 2,500ኛ የንጉሣዊ አገዛዝ በዓል ሲያከብሩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከክብር እንግዶቹ አንዱ ነበሩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የእርሳቸው ዙፋን ወደቀ፣ በስምንተኛው ዓመት የሻሁ። በሁለቱም አገሮች አብዮቱን ከጠሩት ብዙዎቹ በኋላ በአብዮቱ ስም ተገድለዋል፤ ይህን የምናውቅ ሰዎች “ራሳቸው ያመጡት ነው” ከሚለው ፍርድ ልንቆጠብ ይገባናል።

ሴቶቹን ተበዳዮች ብቻ አድርጎ ማየት

በደሉ እውነት ነው፤ ሕጉ በምስክርነት፣ በውርስና በፍቺ ሴትን ከወንድ ያሳንሳል። ይሁን እንጂ ሺሪን ኤባዲ ከአብዮቱ በፊት ዳኛ ነበሩ፣ ሴት ዳኛ መሆን ሲከለከል ወደ ጸሐፊነት ዝቅ ተደረጉ፣ ጠበቃ ሆነው ተመልሰው በ2003 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በ2014 በሒሳብ የፊልድስ ሜዳሊያን ያገኙት የመጀመሪያዋ ሴት ማርያም ሚርዛካኒም በቴህራን ተምረው ያደጉ ናቸው። አስገዳጅ ሂጃብን በመቃወም ሴቶች የመጀመሪያውን ሰልፍ የወጡትም ማርች 8 ቀን 1979፣ አብዮቱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ነው። ትግሉን 2022 የጀመረው አድርጎ መጻፍ የእነዚያን ሴቶች ድካም መሰረዝ ነው።

ማዕቀብንና ቦምብን ለሕዝቡ የሚደረግ እርዳታ አድርጎ ማየት

አሜሪካ በሜይ 2018 ከ2015ቱ የኑክሌር ስምምነት ወጥታ ማዕቀቡን ከመለሰች በኋላ የኢራን ገንዘብ የሪያል ዋጋ እየወደቀ ሄዶ፣ በማርች 2025 በትይዩ ገበያ አንድ ዶላር ከ1 ሚሊዮን ሪያል በላይ ተመነዘረ። የመንግሥቱ ሙስናና የአስተዳደር ድክመት ለውድቀቱ የራሱ ድርሻ አለው፤ ይሁንና ቁጠባው የቀለጠበት መምህሩና ነርሷ ሲሆኑ፣ ወደቦችንና የኮንትሮባንድ መስመሮችን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ከእጥረቱ አትርፈዋል።

በጁን 2025 እስራኤል ለ12 ቀናት በኢራን ላይ ባደረገችው ጦርነት ጁን 23 ቀን የኤቪን እስር ቤት ተደበደበ። ኤቪን የሥርዓቱ ተቃዋሚዎች የሚታሰሩበት ነው፤ ከሞቱት መካከል ግን እስረኞች፣ ሊጠይቋቸው የመጡ ቤተሰቦችና የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩበት። በዚያው ጦርነት ወቅት ሺሪን ኤባዲና በኤቪን ለዓመታት የታሰሩት የ2023 የኖቤል ተሸላሚ ናርጌስ ሞሃማዲ ከሌሎች ታዋቂ ኢራናውያን ጋር ሆነው በጋራ ባወጡት ጽሑፍ፣ ጦርነቱ እንዲቆም፣ በኢራንም በእስራኤልም ሲቪሎችን መግደል እንዲያበቃ፣ የዩራኒየም ማበልጸግ እንዲቋረጥ፣ የአገሪቱ መሪዎችም ከሥልጣን እንዲወርዱ በአንድነት ጠይቀዋል።