ድመቷን ለጎረቤት ትቶ መሄድና የሆዷ ጣጣ

ለሥራ ወልድያ በሄድኩበት ማታ ስልኬ ጮኸ። ደሴ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ድመትህን ሆዷን አሟታል። ምንጣፉን አበላሸችው።»

«ምን በላች እትዬ?»

«ምንም! አንተ የተውክላትን ነው እንጂ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ወተት ብቻ አቀመስኳት። በሞቴ ብያት ነው።»

ድመቴ ሆደ ባሻ ናት። ስሜቷ ሳይሆን ጨጓራዋ። እኔ ቤት ሳለሁ ደህና ናት፤ ሻንጣዬን ባነሳሁ በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ይመጣል። ስለዚህ በስልክ መመርመር ለምጃለሁ። «ምን በላች?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «ምንም» ነው። «ከምግቧ ሌላ ምን ቀመሰች?» በሉ። መቅመስ እንደ መብላት አይቆጠርም።

ተቅማጥ ከያዛት

መጀመሪያ የምጠረጥረው ወተት ነው። ድመት ግልገል ሳለች የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም ይኖራታል፤ ስታድግ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀቷ ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ይቦካል። በሰዓታት ውስጥ ተቅማጥ ነው። ስለወደደችው ተስማማት ማለት አይደለም። መፍትሄው ወተቱን ማቆምና ንጹህ ውሃ ማስቀመጥ ነው።

ወተት ካልሆነ የምግብ ለውጥ ነው። የለመደችው አልቆ በሄዳችሁ ማግስት አዲስ ዓይነት ተከፍቶ ይሆናል። አዲስ ምግብ ከ7 እስከ 10 ቀን ከድሮው ጋር እየተቀላቀለ ነው የሚለመደው፤ መጀመሪያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ። ደረቁን የድመት ምግብ እኔ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። ስለዚህ ከመንገዴ በፊት ከረጢቱን አያለሁ። ሊያልቅ ከሆነ ጉዞዬን ሳይሆን ምግቡን ነው የማስቀድመው።

ሦስተኛው የጾም ነገር ነው፤ እሱን ትንሽ ላብራራው። እትዬ ጿሚ ናቸው። በሁዳዴ 55ቱን ቀን ቤታቸው ሥጋ አይገባም። ድመቷ ስትጮህባቸው አንጀታቸው አይችልም፣ ሽሮ በእንጀራ ይፈተፍቱላታል። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ በርበሬው ራሱ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቢበስልም፣ ደርቆ ቢፈጭም ያው ነው። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ ነው ድዷ የሚነጣው፣ የምትደክመው፣ ሽንቷ የሚጠቁረው። እዚያ ከደረሰ የቤት መላ የለውም፣ ሐኪም ነው።

የኔ መፍትሄ ደሴን መምሰል ነው። በሁዳዴ ድመቷ ከግቢያችን ማዶ ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት ትገባለች፤ በረመዳን ወደ እትዬ ትመለሳለች። ሁለቱ ጾም ሲገጣጠምማ ሥጋዋን ቀድሜ ቀቅዬ፣ በቀን በቀኑ ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ እተዋለሁ።

ካስታወከች

ምን ይመስላል ብላችሁ ጠይቁ። ምግቡ ሳይፈጭ፣ በልታ ደቂቃዎች ሳይቆይ ከተመለሰ፣ ተስገብግባ ውጣዋለች ማለት ነው። ሰው በቀን አንዴ ብቻ እየመጣ አንድ ሳህን ሞልቶ ሲሄድላት የሚመጣ ነው። የ4 ኪሎ ድመት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ደረቅ ምግብ ይበቃታል፤ ያንን ግን በአንዴ አይደለም።

ለእትዬ ግራም አይገባቸውም። ሲኒ ይገባቸዋል። የኔ ሲኒ ሲሞላ 30 ግራም ገደማ ይይዛል፤ የናንተን በሚዛን እዩት። የቀኑን በትንሽ ላስቲክ አስሬ «ሲኒው ከግማሽ ትንሽ ይለፍ፣ ሦስት ጊዜ» ብዬ ነገርኳቸው። «እሱማ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አትለኝም?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ተሳስተው አያውቁም። ምግቡን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሳይሆን ትሪ ላይ በተን ያደርጉታል፤ እየለቀመች ስለምትበላ ትዘገያለች።

ጠዋት ቢጫ አረፋ ብቻ ከሆነ ባዶ ሆድ ላይ የወጣ ሐሞት ነው። በረካውን ወደ መኝታ ሰዓት ገፋ አድርጉት። በየቀኑ ከሆነ ግን ሐኪም ይያት።

ይዣት ልሂድ ካላችሁ መኪናውም ሊያስታውካት ይችላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ሰውንም ያዞራል። ከመሳፈራችሁ 3 ወይም 4 ሰዓት በፊት ምግብ አትስጧት፣ ውሃ ግን አትከልክሉ። ኮምቦልቻ ከደረሳችሁ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ደሴ ብርድ ላይ የለመድነውን ይዘን እዚያም እርጥብ ምግብ ከጠዋት እስከ ማታ እንተዋለን። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ አንሱት።

አልበላም ካለች

ብዙ ጊዜ ናፍቆትና ድንጋጤ ነው። የራሷን ሳህንና የምትተኛበትን ጨርቅ አብራችሁ ላኩ። እርጥብ ምግብ ከሆነ ለብ አድርጉት፣ ሽታው ይጠራታል። ሳህኑ ከምትጸዳዳበት አሸዋ ራቅ ይበል።

«ሲርባት ትበላለች» የሚባለውን ግን አትስሙ። ድመት እንደ ሰው አትጾምም። ለቀናት ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሊገድላት ይችላል። 24 ሰዓት ሙሉ ካልበላች ሐኪም ጋ ደውሉ።

ለተበላሸ ሆድ የምሰጠው

ቆዳና አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት፣ በውሃ ብቻ የተቀቀለ። ጨው የለም፣ ቅመም የለም፣ ቅቤ የለም። ከፈለጋችሁ ትንሽ ሩዝ ጣል አድርጉበት። በማንኪያ በማንኪያ፣ ለ2 ወይም 3 ቀን። ከዚያ ወደ ምግቧ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ዶሮና ሩዝ ብቻውን ለሳምንታት አይሆናትም፤ ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያንሳታል።

የሰው መድኃኒት በጭራሽ። በተለይ ፓራሲታሞል፦ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ይህን ለጎረቤት በቃል አትንገሩ፣ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ተቅማጡ ደም ካለበት፣ ከአንድ ቀን ካለፈ፣ ደጋግማ ካስታወከች፣ ግልገል ከሆነች፣ ወይም ትከሻዋ ላይ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ አትጠብቁ። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክና ለባጃጁ የሚሆን ብር ፖስታ ውስጥ አድርጌ ነው የምሄደው። እትዬ መጀመሪያ «ለድመት ብር ይተዋል?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። አሁን ከመሄዴ በፊት ፖስታውን ራሳቸው ይጠይቁኛል።