ሦስተኛው ዙር፦ እየሮጣችሁ 12ኛ ክፍልን እንዴት ትወጡታላችሁ?

ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባ በዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲወስድ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የሰፈሬ ልጆች በሙሉ ኳስ ያዙ፤ እኔ ሩጫ ጀመርኩ። ርቀቴ 1,500 ሜትር ነበር። አሁን የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ታናናሾቼ «ልምምዱንና ጥናቱን እንዴት አቻቻልሽው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የጠቀመኝን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ጫማችሁን ማታ አዘጋጁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ሮጬ ስመለስ ቀዩን ጭቃ ከሶሉ ላይ በማንኪያ እጀታ ነበር የምፍቀው። ካጠብኩት በኋላ የድሮ ጋዜጣ እስከ አፍንጫው ድረስ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ከመተኛቴ በፊት እርጥቡን አውጥቼ በደረቅ እቀይረዋለሁ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ማስቲሹ ይለቃል። ጫማው በር ላይ ሲጠብቃችሁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከራሳችሁ ጋር ክርክር አትገጥሙም። በኋላ ከጫማው ጎን የፊዚክስ መጽሐፌን የምሠራበት ገጽ ላይ ገልጬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ታጥቤ ቁርስ እስኪደርስ ያለችው 40 ደቂቃ የፊዚክስ ሆነች። ሴቶች ልጆች ግን በጨለማ ብቻችሁን አትውጡ። እኔ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ነበር የምወጣው፤ እሷ የቀረች ቀን ግቢ ውስጥ ገመድ እዘላለሁ።

ደብተር ያዙ፤ አንድ ብቻ። በግራው ገጽ ልምምድ፣ በቀኙ ጥናት። በግራው «400 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ አምስተኛው ላይ ዘገየሁ» እላለሁ፤ በቀኙ «ኬሚስትሪ 20 ጥያቄ፣ 11 አገኘሁ፣ ሞል ላይ ተሳሳትኩ»። «ዛሬ በደንብ አጠናሁ» ብላችሁ አትጻፉ። ሰዓት ለያዘ አሰልጣኝ «በደንብ ሮጥኩ» አይባልም። ሁለቱ አንድ ደብተር ላይ በመሆናቸው ነው ከሁለት ወር በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ነገሩ የገባኝ፦ አምሽቼ ባጠናሁ ማግስት ሩጫዬም ውጤቴም አብረው ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት አጠፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። 1,500 ሜትር 3 ዙርና 300 ሜትር ነው። ጅማሬው በጉጉት ያልፋል፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ደግሞ የደከመ እግርም ይነሳል። ሰው የሚቀረው ከደወሉ በፊት ባለው ዙር ነው፤ ጉጉቱ አልቋል፣ ደወሉ ገና ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ይህ ዙር ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ነው። አሰልጣኜ እዚያ ጋ «ፍጠኚ» ብሎኝ አያውቅም፤ «ፊትሽ ያለችውን ልጅ ጀርባ ያዢ» ነበር የሚለኝ። እናንተም በእነዚያ ወራት አዲስ ዕቅድ አትጨምሩ። በትምህርት ትንሽ የሚቀድማችሁ ጓደኛ ፈልጉና በየቅዳሜው ያለፉ ዓመታትን ፈተና ሰዓት ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩ። የኔ ፈተና የ2014ቱ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የተፈተንበት፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት። በማላውቀው አልጋ አድሬ ጠዋት እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ውድድር ቀን እንደማደርገው የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

የወደፊት ምርጫችሁንም ከስፖርቱ ፈልጉ። 11ኛ ክፍል እያለሁ አንድ ሌላ አሰልጣኝ «ትምህርቱን ለጊዜው ተዪው፣ ክለብ ትገቢያለሽ» አለኝ። ልተው ስል ቅልጥሜን አመመኝና ሁለት ወር ተቀመጥኩ። እንዲህ የሚላችሁ ሰው ከመጣ «ብጎዳስ?» ብላችሁ ጠይቁት። በዚያ ሁለት ወር ጤና ጣቢያ ስመላለስ ነው እግሬን የምታይልኝን ነርስ እያየሁ ሙያዬን የመረጥኩት። ጓደኛው ሲጎዳ ቀድሞ የሚደርስ ጤናን ያስብ፣ ታናናሾችን ማሠልጠን የሚወድ ስፖርት ሳይንስን ወይም መምህርነትን፣ ሰዓት መመዝገብ የሚያስደስተው ስታትስቲክስን። ፍሬሽማን ላይም ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በምርጫና በውጤት ስለሆነ የቀኙን ገጽ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ አትዝጉት። የኔ እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ በግራውም በሳምንት ሦስት ቀን የጅሬን ዳገት ተጽፎበታል።